የብስክሌተኛው ዳሌ፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ዳገቶች ስለሚጨመደዱ ጡንቻዎች

የአዲስ አበባ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቀውን ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ ሲያወጣ በአሥር ዓመት ውስጥ 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መስመር የመዘርጋት ግብ አስቀምጦ ነበር፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ እሑዶች ጎዳናዎችን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚከፍተው «መንገድ ለሰው» ንቅናቄም ሆነ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የየራሳቸው ዓላማ ቢኖራቸውም ብስክሌትን ወደ ከተማዋ የዕለት ተዕለት ኑሮ ያቀረቡ እርምጃዎች ናቸው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በዚህ ለውጥ መሃል ይገኛል። ከለቡ ወደ ጀሞ የተሠራው የብስክሌት መስመር ከከተማዋ ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ሲሆን፣ የኮሪደር ልማቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከሜክሲኮ በሣር ቤትና በጎተራ አድርጎ ወደ ወሎ ሰፈር ሲያልፍ የክፍለ ከተማውን ሰሜናዊ ጫፍ ነክቷል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ከሣር ቤት ተነስቶ በካርል አደባባይና በብሥራተ ገብርኤል በኩል ወደ ላፍቶና ወደ ፉሪ አቅጣጫ ወርዷል።

ስለ መስመሮቹ ስፋት፣ ስለ ጠርዛቸውና ስለ ደኅንነታቸው የሚደረገው ውይይት ተገቢ ነው። ነገር ግን ብስክሌትን የዘወትር መጓጓዣው ያደረገ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያነሳው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ብሽሽቴን ይዞኛል፣ ዳሌዬ ጠብቋል፣ ከኮርቻ ስወርድ ወገቤ ቶሎ ቀና አይልም የሚል ነው። ለዚህ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ «ስትሬቺንግ ሥራ» የሚል አጭር ምክር ሲሆን፣ ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ግማሽ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ጡንቻው የሚጨመደደው በተለየ የአቀማመጥ፣ የመንገድና የብስክሌት ሁኔታ ውስጥ በመሆኑ፣ ሁኔታው ሳይነካ ጡንቻውን ብቻ መሳብ ማታ የተገኘውን እፎይታ ጠዋት መልሶ ማጣት ይሆናል።

ነገሩን ለመረዳት ከአካሉ አሠራር መጀመር ያስፈልጋል። ጭንን ወደ ሆድ የሚያቀርቡት፣ ማለትም ዳሌን የሚያጥፉት ጡንቻዎች በርካታ ቢሆኑም ዋነኛው በሕክምናው ኢሊዮሶአስ የሚባለው ነው። ይህ የሁለት ጡንቻዎች ጥምረት ሲሆን፣ ሶአስ የሚባለው አንደኛው ከታችኛው የጀርባ አከርካሪ አጥንቶች ጎን ተነስቶ ከሆድ ዕቃ ኋላ ቁልቁል ይወርዳል፤ ኢሊያከስ የሚባለው ሁለተኛው ከዳሌ አጥንት የውስጥ ገጽ ይነሳል፤ ሁለቱም ብሽሽትን አልፈው በጭን አጥንት የላይኛው ውስጠኛ ጉብታ ላይ አንድ ሆነው ይጣበቃሉ። የሶአስ መነሻ አከርካሪው ላይ መሆኑ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጭን ወደ ኋላ መሄድ ሲኖርበት ጡንቻው አልዘረጋም ካለ የሚጎተተው አከርካሪው ነውና፣ የዳሌው ችግር በወገብ በኩል ይናገራል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሰው ሬክተስ ፌሞሪስ የተባለው የጭን ፊት ጡንቻ ሲሆን፣ ከዳሌ አጥንት ተነስቶ ከጉልበት በታች ስለሚያርፍ ሁለት መገጣጠሚያዎችን ይሻገራል፤ በመሆኑም እርሱን ለመዘርጋት ጭንን ወደ ኋላ መውሰድ ብቻ አይበቃም፣ ጉልበትንም አብሮ ማጠፍ ያስፈልጋል።

የእግረኛና የብስክሌተኛ ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሚራመድ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ አንዱን ጭን ከሰውነቱ መስመር ወደ ኋላ ያሳልፋል፤ የዳሌው አጣፊ ጡንቻዎችም ሳይታሰብበት በቀን ሺህ ጊዜ ይዘረጋሉ። በኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ፔዳሉ ከታች ጫፍ ሲደርስ እንኳ ዳሌው ገና የታጠፈ ነው፤ ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመለስ ጭኑ ወደ ሆዱ ይጠጋል፤ ከዚህ ክልል ግን አይወጣም። በደቂቃ 80 ጊዜ የሚያዞር ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱን እግሩን 4,800 ጊዜ ያንቀሳቅሳል፤ ከዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ አንዱም ዳሌውን ሙሉ በሙሉ ቀጥ አያደርገውም። ብዙ መሥራትና በሙሉ ርዝመት መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያልተረዳ ሰው «በየቀኑ ስፖርት እየሠራሁ ለምን ሰውነቴ ይተሳሰራል?» ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

በዚህ ላይ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ብስክሌተኛ የራሱ የሆኑ ሦስት ጫናዎች አሉበት። የመጀመሪያው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነስታ በደቡብ ወደ አቃቂ ሜዳ የምታዘቀዝቅ ከተማ በመሆኗ፣ ከጀሞ፣ ከላፍቶ ወይም ከሐና ማርያም ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው ጠዋት በአመዛኙ ዳገት ይጠብቀዋል፤ ቁልቁለቱ ለማታ ነው። ይህም ማለት ከእንቅልፍ የተነሳ፣ በጠዋቱ ብርድ ያልሞቀ ጡንቻ የቀኑን ከባድ ሥራ ከደጃፉ ጀምሮ ይሸከማል ማለት ነው። ተቀምጦ ዳገት የሚወጣ ሰው ደግሞ ደረቱን ወደ መሪው ያዘነብላል፤ ደረት ወደ ፊት ባዘነበለ መጠን በጭንና በሆድ መካከል ያለው ማዕዘን ይጠባል። ባሕር ዳር በጣና ዳር በሜዳማ ጎዳና ቀና ብሎ የሚነዳ ሰው ይህን ጫና በዚሁ ልክ አያውቀውም።

ሁለተኛው የኮርቻው ከፍታ ሲሆን፣ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው። በከተማዋ መንገዶች ላይ የሚታዩ ብዙ ብስክሌቶች ኮርቻቸው ዝቅ ብሎ የታሰረ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሚኒባስ ድንገት ተሳፋሪ ለማውረድ ጥግ በሚይዝበትና የብስክሌት መስመሩ ከመገናኛው በፊት በሚቋረጥበት ጎዳና ላይ የሚነዳ ሰው ተቀምጦ ሳለ ሁለቱም እግሮቹ መሬት እንዲደርሱለት ይፈልጋል። አንድ ብስክሌት በቤተሰብ ሲጋራም ኮርቻው በአጭሩ ሰው ልክ ይቀራል። ይሁን እንጂ ኮርቻ ዝቅ ባለ ቁጥር ፔዳሉ ከላይ በሚሆንበት ቅጽበት ጉልበት ወደ ደረት ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ዳሌም ይበልጥ ይታጠፋል፤ ፔዳሉ ከታች በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ እግር ሊዘረጋ የሚችለውን ያህል ሳይዘረጋ ይመለሳል። ጡንቻው ከሁለቱም ጫፍ ተጎድቷል ማለት ነው። የጉልበት ፊት ሕመምም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይመጣል።

ሦስተኛው ጫና ከብስክሌቱ ውጭ ያለው የቀኑ ክፍል ነው። ሰውየው ብስክሌቱን አቁሞ ቢሮ፣ ሱቅ ወይም ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ ወንበሩም ዳሌውን ከኮርቻው ባልተለየ ሁኔታ አጥፎ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ስለ አገር ቤት አቀማመጥ አንድ ነገር መጥቀስ ተገቢ ነው። በበርጩማ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ብሎ መሥራት፣ በምጣድ ዳር መጎንበስ የለመደ ሰው ዳሌውን ጥልቅ አድርጎ የማጠፍ ችሎታው አብሮት ይቆያል፤ ይህ በብዙ ወንበር ተኮር ኅብረተሰቦች የጠፋ ሀብት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ መታጠፍ ነው፤ ወደ ኋላ መዘርጋትን አይተካም። ስለዚህ «እኔ ቁጢጥ ማለት አያቅተኝም፣ ዳሌዬ ደህና ነው» የሚል ብስክሌተኛ የመረመረው ያልጠበቀውን አቅጣጫ ሊሆን ይችላል።

የጠበቀ ጡንቻ በእርግጥ አጭር ሆኗል ወይ የሚለው ጥያቄ በሳይንሱ ውስጥ ቀላል መልስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1972 ታባሪና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በጀሶ ታስሮ ባጠረ ሁኔታ የቆየ የድመት የባት ጡንቻ በርዝመቱ ከተደረደሩት ጥቃቅን የመኮማተሪያ ክፍሎች 40 በመቶ ያህሉን አጥቶ ተገኝቷል፤ ጀሶው ሲፈታ ግን በሳምንታት ውስጥ መልሶ ገንብቷቸዋል። ይህ ጡንቻ ለሚውልበት ርዝመት ራሱን እንደሚያበጅ ያሳያል። ብስክሌተኛ ግን በጀሶ የታሰረ አይደለም፤ ከኮርቻ ወርዶ ይራመዳል፣ ተዘርግቶ ይተኛል። በሰው ላይ የተደረጉ የኋለኞቹ ጥናቶችም ከጥቂት ሳምንት መሳሳብ በኋላ የሚገኘው የእንቅስቃሴ ስፋት በአመዛኙ ከጡንቻው መርዘም ይልቅ የነርቭ ሥርዓቱ መጎተቱን መልመዱና መታገሡ ያመጣው መሆኑን ያመለክታሉ። የዚህ ተግባራዊ ትርጉም ትንሽ አይደለም፤ በአንድ ቀን በኃይል መሳብ ጡንቻውን አያስረዝመውም፣ ይልቁንም እንዲከላከል ያደርገዋል፤ አዘውትሮ በልኩ መሳብ ግን ያለማምደዋል።

የወገቡም ጉዳይ እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክላርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ከጠየቋቸው 109 ፕሮፌሽናል የጎዳና ብስክሌተኞች መካከል 58 በመቶው ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ገልጸዋል። ይህን ሁሉ በሶአስ ላይ መጫን ግን ልክ አይሆንም፤ ለረጅም ሰዓት መጎንበስ፣ የጀርባ ጡንቻ መድከምና የብስክሌት አለመመጠን የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የዳሌ መጥበቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን የሚችል፣ ለማስተካከልም ከሌሎቹ ይልቅ ቅርብ የሆነ ጉዳይ ነው ማለቱ ይበቃል።

የራስን ሁኔታ ለማወቅ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የአጥንት ሐኪም ሂዩ ኦወን ቶማስ ያስተዋወቀውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ምርመራ በተሻሻለ መልኩ በቤት ውስጥ ሊሞከር ይችላል። ሰውየው ጠንከር ያለ አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጫውን አድርጎ በጀርባው ይተኛል፤ አንዱን ጉልበት በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ደረቱ ይስባል፤ ይህም የታችኛው ጀርባ ከፍራሹ ጋር እንዲገጥም ያደርገዋል። ሌላው እግር ከአልጋው ጫፍ በነፃነት ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለው ጭን ከአልጋው ከፍታ ጋር እኩል ወይም ከዚያ ዝቅ ካለ ደህና ነው፤ ወደ ላይ ተነስቶ አልወርድም ካለ ኢሊዮሶአስ መጥበቁን ያመለክታል። ጭኑ ወርዶ ጉልበቱ ግን በራሱ ቀጥ ካለ የጠበቀው ሬክተስ ፌሞሪስ ነው። ግራና ቀኙ መለያየታቸውም መታየት አለበት።

ወደ ማሳሳቡ ሲመጣ፣ ከሁሉም የሚቀድመው በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ የሚሠራው ነው። የአንዱ እግር ጉልበት በታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ ላይ ያርፋል፣ ሌላው እግር ከፊት ጉልበቱ ታጥፎ መሬት ይረግጣል፣ ደረት ቀና ይላል። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ሰውነቱን በሙሉ ወደ ፊት መግፋትና ወገቡን ወደ ኋላ መለመጥ ነው፤ ሲሳሳብም ይሰማዋል፤ ነገር ግን የተለመጠው ወገቡ ነው እንጂ የተዘረጋው ዳሌው አይደለም፤ እንዲያውም ወገቡ በተለመጠ ቁጥር የሶአስ መነሻና መድረሻ ይቀራረባሉ። ትክክለኛው አሠራር ገና ወደ ፊት ሳይሄዱ የተንበረከከውን እግር መቀመጫ ጨበጥ ማድረግና የዳሌውን አጥንት የፊት ክፍል ወደ እምብርት እንደማንሳት ማሰብ ነው። ይህ ሲደረግ አካሉ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይንቀሳቀስ በብሽሽቱ ፊት ለፊት ጠለቅ ያለ መሳብ ይሰማል። የመቀመጫው መጨበጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ በእንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ቻርልስ ሸሪንግተን ሥራ እንደታወቀው አንድ ጡንቻ ሲኮማተር ተቃራኒው እንዲላላ የነርቭ ትእዛዝ ይደርሰዋልና፣ ዳሌን የሚዘረጋው የመቀመጫ ጡንቻ ሲሠራ ዳሌን የሚያጥፈው ይለቃል። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ወደ ፊት መሄድ፣ የተንበረከከውን እግር ወገን ክንድ ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ ተቃራኒው ጎን በትንሹ ማዘንበል ይቻላል። ትንፋሽ መያዝ አይገባም። ለሬክተስ ፌሞሪስ ደግሞ በዚሁ አቋም የኋላውን እግር ቁርጭምጭሚት በእጅ ይዞ ወደ መቀመጫ ማቅረብ ይበቃል፤ እጁ የማይደርስለት ሰው ነጠላ ጠምጥሞ ሊስበው ይችላል።

ስለ መጠኑ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሚሰጠው ምክር እያንዳንዱን ማሳሳብ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይዞ በድምሩ ለአንድ ጡንቻ 60 ሰከንድ ማድረስ፣ ይህንንም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ቀን መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ለውጥ የሚታየው በሳምንት ድምሩ ለአንድ ጡንቻ አምስት ደቂቃ ሲደርስና በብዙ ቀናት ሲከፋፈል መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም በእያንዳንዱ ጎን 30 ሰከንድ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ጊዜው ከጉዞ በኋላ፣ ሰውነት ሳይቀዘቅዝ ቢሆን ይመረጣል። ከጉዞ በፊት አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ስቦ መያዝ ኃይሉን ለጊዜው በጥቂቱ እንደሚቀንስ ስለታወቀ፣ ጠዋት ዳገት ለሚጠብቀው ሰው የሚሻለው ግድግዳ ይዞ እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ፣ ረጅም እርምጃ እየወሰዱ ጉልበትን ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በቀላል ማርሽ መንዳት ነው።

ማሳሳብ ያላላውን ደግሞ የሚይዝ ጥንካሬ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ግምገማ በሙሉ የእንቅስቃሴ ስፋት የሚሠራ የጥንካሬ ልምምድ የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ በማስፋት ረገድ ከማሳሳብ ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አመልክቷል። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት፣ አንድ እግርን ወደ ኋላ አርቆ ዝቅ ብሎ መነሳት፣ ቆሞ ጉልበትን በቀስታ እስከ እምብርት ማንሳት መሣሪያ አይፈልጉም። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ጎሕ ሲቀድ የሚሠለጥኑ ሰዎች ከእነዚህ ብዙዎቹን ያውቋቸዋል። በዓቢይ ጾም ስግደት የሚያዘወትር ምዕመንም፣ ዓላማው ፍጹም መንፈሳዊ ሆኖ ሳለ፣ ዳሌውን ከጥልቅ መታጠፍ ወደ ሙሉ መቆም ደጋግሞ ያመጣዋል፤ በስቅለት ማግሥት ጭንና መቀመጫ ላይ የሚሰማው ዛል ማለት እነዚያ ጡንቻዎች በዓመቱ ውስጥ ምን ያህል ሥራ ፈተው እንደቆዩ ያስረዳል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችን አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባም በዚያ ውድድር ከተሰለፉት አንዱ ነው፤ ፅጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ስድሳ ዓመት የሚሻገር የውድድር ታሪክ ባለበት አገር ኮርቻን መመጠንና ጡንቻን ማፍታታት ከክለቦች ግቢ ወጥቶ ወደ ሥራ የሚሄደውን ተራ ብስክሌተኛ በስፋት አለመድረሱ ያስቆጫል፤ ተወዳዳሪው አሠልጣኝና ወጌሻ አለው፣ የጀሞው ተመላላሽ ግን ራሱን በራሱ ነው የሚያክመው።

ራስን ማከም ድንበር ሊበጅለት የሚገባውም ለዚህ ነው። ጉልበት ወደ ደረት ሲቀርብ በብሽሽት ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከመገጣጠሚያው አጥንት አሠራር ሊመጣ ስለሚችል በመሳብ ሊብስ ይችላል። ዳገት ሲጠነክር ጭኑ ኃይል የሚያጣና የሚደነዝዝ፣ ሲያርፉ ደግሞ ወዲያው የሚለቅ ሕመም ለዓመታት በብርቱ በሚነዱ ብስክሌተኞች ላይ አልፎ አልፎ ከሚታየው የዳሌ ደም ቅዳ ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ በሽታ ጫና ካለባቸው አገሮች አንዷ በሆነችው ኢትዮጵያ፣ ነቀርሳው አከርካሪን ሲያጠቃ መግሉ በሶአስ ጡንቻ ውስጥ ሊጠራቀም እንደሚችል መታወቅ አለበት፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጭኑን ቀጥ ማድረግ ይሳነዋል፣ ችግሩም ከተራ መጨመደድ ጋር ይመሳሰላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ከብሽሽት መያዝ ጋር ሲመጣ ቦታው ሐኪም ቤት ነው።

ለጤናማው ብስክሌተኛ ግን የመጀመሪያው መድኃኒት የኮርቻው ብሎን ላይ ነው። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ተረከዝን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ በዚህ ልክ ሲታሰር፣ በእግር መዳፍ የፊት ክፍል ሲረገጥ ጉልበት ከታች ጥቂት ብቻ ይታጠፋል። ለውጡ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተደረገ ቢሄድ ሰውነት ይለምደዋል። እግሬ መሬት አይደርስም የሚለው ስጋት ደግሞ በክህሎት ይፈታል፤ ፍሬን ይዞ ከኮርቻው ወደ ፊት በመውረድ አንዱን እግር መሬት፣ ሌላውን ፔዳል ላይ አድርጎ መቆም በጥቂት ቀን የሚለመድ ነገር ነው። «መንገድ ለሰው» በሚካሄድባቸው እሑዶች ልጆችና አዋቂዎች ሚዛን መጠበቅ ሲማሩ ይህን አወራረድ አብረው ቢማሩ፣ አንድ መካኒክም መፍቻውን ይዞ ኮርቻ የሚመጥንበት ጥግ ቢዘጋጅ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። መንገድ ሠሪውም ድርሻ አለው፤ መስመሩ እስከ መገናኛው ሳይቆረጥ ሲደርስና ብስክሌተኛው ከመኪኖቹ ፊት የሚቆምበት ቦታ ሲሰመርለት፣ ከላፍቶ ወደ ሣር ቤት የሚወጣው ሰው ኮርቻውን በቁመቱ ልክ ለማሰር የሚከለክለው ስጋት ይቀንሳል።